የቅዳሜ ገበሬ

እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ካልሲ ጣለኝ።

አዎ፣ ካልሲ። ጥቁር፣ የጥጥ፣ አውራ ጣቱ ጋ መሳሳት የጀመረ። በዋዜማው ቅዳሜ አምስት ማዳበሪያ ፍግ ከውጭ በር እስከ ጓሮ ተሸክሜ አመላልሻለሁ፤ አንድ ሙሉ መደብ በዶማ ገልብጫለሁ፤ ከአጥሩ ሥር በጣልያን ጊዜ የተቀበረ የሚመስል ድንጋይ ፈንቅዬ አውጥቻለሁ። ወገቤ ያን ሁሉ ቀን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቻለ። ማታ ራቴን በላሁ፣ ዜና አየሁ፣ «ለካ ገና ጎረምሳ ነኝ» ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬን እንደያዝኩ ወደ ግራ እግሬ ጎንበስ ስል፣ ከመቀመጫዬ ከፍ ብሎ አንድ ነገር «ቋ» አለ። ሚስቴ አልሰማሁም ትላለች። እኔ ሰፈሩ ሁሉ የሰማው መስሎኝ ነበር።

«ምን ጠፋብህ?» አለችኝ ነጠላዋን እያጣፋች። አልጋው ሥር የምፈልገው ነገር ያለ መስሏታል።

«ምንም።»

«ታዲያ ቀና በላ፣ ቅዳሴው ሊያመልጠን ነው!»

«ቀና ማለቱ ነው የጠፋብኝ።»

ከአልጋው ወደ ምንጣፉ የወረድኩበትን መንገድ አልተርከውም። በአራት እግሬ መቆሜን ያየችው የአምስት ዓመቷ ልጄ ግን እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ እንደማይገኝ ገብቷት «ፈረስ!» እያለች እየሮጠች መጣች። እናቷ አየር ላይ ቀለበቻት። ባትደርስልኝ ኖሮ ይህን ወግ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እደምራለሁ፤ ስሄድ ታክሲ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ስመለስ ታክሲ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ ደክሞኛልና ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ። በሳምንት ውስጥ ቆሜ የምታየው የታክሲ ሰልፍ ላይ ብቻ ነው። ጓሮዋ የመጣችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከቤቱ ጀርባ 4 በ6 ሜትር የምትሆን፣ የተሰባበረ ብሎኬት የተከመረባት፣ የሰፈሩ ድመቶች እንደ ርስት የያዟት ቦታ ነበረች። መጀመሪያ ጤና አዳም ተከልኩ። ጤና አዳም እንኳ ለማንም ይበቅላል። ቀጥሎ ቆስጣ ሞከርኩ፤ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አከለ። ያኔ ነው ያበድኩት። ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ ሁለት እግር ጌሾ። በገዛ እጁ የዘራትን ቆስጣ ቆርጦ ለሚስቱ ያስረከበ ወንድ በዚያች ቅጽበት የሚሰማውን ደጃዝማችነት ያልቀመሰው አያውቀውም። ሚስቴ አንድ ጊዜ የውሃውን፣ የፍጉን፣ የዘሩን ደምራ አንዲት እስር ቆስጣ ስንት እንደምታወጣብን ልትነግረኝ ስትጀምር ወጥቼ ሄድኩ። በዚህ ቤት ሒሳብ ሠራተኛው እኔ ነኝ።

ያቺ ቅዳሜ ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበረች። ክረምቱ ሳይገባ ሁለተኛውን መደብ ላዘጋጅ ብዬ፣ ሰፈራችን ውስጥ ላም ከሚያረባ ሰውዬ ፍጉን አስመጣሁና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዶማዬን አነሳሁ። ያስጣለኝ ጨለማ ነው። ለምሳ ስጠራ «መጣሁ» እንዳልኩ ቀረሁ። ሥራ ቢሆን ኖሮ ሰዓቴን አይቼ፣ አዛግቼ፣ ሻይ ልጠጣ ብዬ እወጣ ነበር። ጨዋታ ሆነብኝና ማን ያስቁመኝ? «ይህችን ጥግ ብቻ»፣ «ይህችን ሥር ብቻ» እያልኩ ፀሐይ ገባች።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጋሼ፣ መንዝ ተወልደው ያደጉ፣ በጉርምስናቸው አዲስ አበባ የገቡ፣ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ የቡና ስኒያቸውን እንደያዙ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ነበር።

«ልጄ፣ በሬዎቹን አልፈታሃቸውም?»

«የምን በሬ ጋሼ?» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«አይ፣ ቀትር ሆነ ብዬ ነው» አሉና ገቡ።

እኔ የዕድሜ ነገር መስሎኝ አዘንኩላቸው።

በእኛ ሰፈር ሰው ሲታመም በመጀመሪያ የሚደርሰው ሙዝና ብርቱካን ነው፤ ከኋላው ምርመራ ይከተላል። እሑድ ከሰዓት አልጋዬ ዙሪያ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ያወጡልኝ በሽታ አንድ ሆስፒታል ይሞላል። የታችኛው ቤት እማማ «ብርድ ነው» ብለው ዘጉት፤ በላብ ተዘፍቄ እርጥብ አፈር ላይ መቀመጤን በዓይናቸው አይተዋል። መድኃኒቱ ፌጦ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ፌጦ የማያድነው ነገር ቢኖር ድህነት ብቻ ነው። የሚስቴ አጎት «ኩላሊት» አሉና ውሃ አስቀዱልኝ። የቢሮ ባልደረባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንደሚያረዳ ሰው፣ «ዲስክ ነው» አለኝ። «ያጎቴ ልጅ ልክ እንዲህ ነው የጀመረው» ብሎ ያጎቱ ልጅ የት እንደደረሰ ሳይነግረኝ ዝም አለ። አንዲት የሰፈር ሴት ደግሞ «ዓይን ነው እንጂ! ያን ቆስጣ ለአላፊ አግዳሚው ማሳየት ምን አመጣው?» አለች። ለእውነቱ ከሆነ ከሁሉም ደስ ያለኝ የእሷ ነው።

ሰኞ ዕለት አማቼ ወጌሻ ይዞ መጣ። ለወለምታ የቆየ ሙያ ነው፣ ሙያውን አልንቅም፤ ሰውየውም እጁ ወርቅ ነው። በቅቤ አሸኝ፣ አሸኝ፣ ሁለት ሰዓት ያህል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆንኩ። «አሁን አንዴ ልሳበውና ይገባል» ሲል ግን ፈራሁ። የገባና የወጣ ነገር መኖሩን ሳያውቁ መሳብ፣ ደረሰኝ ሳያዩ ሒሳብ እንደ መዝጋት ነው። አመስግኜ ሸኘሁት። ሁለቱ ሰዓት ሲያልቅ ሕመሙ ከነጓዙ ተመለሰ። ማታ ሚስቴ የሞቀ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ከወገቤ ሥር ሻጠችልኝ፤ እሱ ደግ ነገር ነበር። ሙቀት የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል። ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት፣ ከተማችንም ከዚያ የተወለደችው፣ ፍል ውሃ ለሰውነት ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቁ ነው።

ከዚያ ውጭ ግን ጊዜው አለፈ እንጂ አልተሻለኝም። ሦስት ቀን እንደ ንጉሥ ተኛሁ። ሾርባ አልጋዬ ድረስ መጣ፤ ሪሞቱ በእጄ ነበር፤ ልጄ በር ላይ ቆማ «ፈረሱ አሁንም ታሟል?» ብላ ትጠይቃለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ሽንት ቤት ለመሄድ ስነሳ ከመጀመሪያው ቀን ብሶ አገኘሁት፤ ወገቤ ደረቅ እንጀራ ሆኗል፤ ባጥፈው የሚሰበር።

ረቡዕ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ታናሽ እህቴ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። እኔ ሕመሜን በዝርዝር ልተርክ አፌን ስከፍት እሷ ጥያቄ ጀመረች። ሕመሙ ከጉልበት በታች እስከ እግር ይወርዳል? እግርዎ ይዝላል? ሽንት መያዝ ወይም መሽናት አስቸግሮዎታል? መቀመጫዎ አካባቢ፣ ኮርቻ የሚነካው ቦታ፣ ይደነዝዛል? ወድቀዋል? ሌሊት ያልብዎታል? ከስተዋል? ትኩሳት? የቆየ ሳል? ሁሉንም የለም፣ የለም እያልኩ ስመልስ «ጥሬ ወተት ይጠጣሉ?» አለችኝ።

ይህን ጊዜ ደነገጥኩ። ፍጉን ያመጣልኝ ሰውዬ በየሳምንቱ ቅዳሜ ለደንበኝነት ብሎ አንድ ጠርሙስ ትኩስ ወተት ይሰጠኛል፤ እኔም እዚያው እንደቆምኩ እጠጣው ነበር። ለካ ጥያቄው ከወገቤ ጋር ዝምድና አለው። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ካልፈላ ወተት ይመጣል፤ ከሚያሳያቸው ምልክቶች መካከል ማላብና የወገብ ሕመም ይገኛሉ። ሳል የጠየቀችኝም የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው ቲቢ አከርካሪ ላይም ስለሚወጣ ነው። «እነዚህ ካሉ ወገብ አይታሽም፣ ይመረመራል፤ ሽንትና መደንዘዝ ካለ ደግሞ በዚያው ሌሊት ይመጣሉ፣ ጠዋት አይሉም» አለችኝ። እኔ ዘንድ የነበረው ካልሲ ብቻ ነው። ወተቱን ግን ከዚያ ወዲህ አፍልቼ ነው የምጠጣው።

ልቤ ኤምአርአይ ላይ ነበር። ብዙ ገንዘብ ያላወጣንበት ሕመም የታከምን አይመስለንም። ስጠይቃት ሳቀች። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካን አገር ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 98 ሰዎች በኤምአርአይ ታይተው፣ 52 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ አበጥ ብሎ ተገኝቷል አለችኝ። ሰዎቹ ምንም አያማቸውም! «እርስዎንም ዛሬ ባነሳዎ አንድ ነገር አላጣም፤ የሕመምዎ ምክንያት እሱ መሆኑን ግን አላውቅም። ያን ወረቀት ይዘው ደግሞ ዕድሜ ልክዎን ሲፈሩ ይኖራሉ።» ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ይሆናል። እኔ ግን በሥራዬ አውቀዋለሁ፤ ኦዲተር ከገባ ጉድለት አይጠፋም።

«ስንት ቀን ተኙ?» አለችኝ።

«ሦስት» አልኩ፣ ታዛዥነቴ እንዲታወቅልኝ።

«አይተኙ።»

እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንድ ውስጥ፣ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ወገባቸውን ሲይዛቸው አንዳንዶቹ እንዲተኙ፣ አንዳንዶቹ ስፖርት እንዲሠሩ፣ የቀሩት ሕመሙ እንደፈቀደላቸው የዘወትር ኑሯቸውን እንዲኖሩ ተደርጎ ነበር። ቶሎ የተሻላቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው። «ይራመዱ። ቀስ ብለው፣ ግን በየቀኑ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለቅዎታል» አለችና ለጥቂት ቀን የሚዋጥ ማስታገሻ ጻፈችልኝ፤ ጨጓራ እንዳለብኝ ስነግራት ሰርዛ በሚቀባ ለወጠችው። ጨጓራ የሌለበት ሒሳብ ሠራተኛ ገጥሟት እንደሚያውቅ ልጠይቃት ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ መራመድ ጀመርኩ። ሁለት እጄን ከኋላ ወገቤ ላይ አድርጌ፣ በዝግታ፣ ከቤት እስከ አስፋልቱ። መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ሁሉም ሰው ያስቆመኛላ። አካሄዴን አይተው «ሽምግልና ልትሄድ ነው?» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ሱቅ ጋ የሚቆሙት ጎረምሶች ከወንበራቸው ተነሡልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ደስም አላለኝ።

በመጨረሻ ምሥጢሩን ያገኘሁት የሒሳብ ወረቀት ላይ ነው። በኋላ የሄድኩበት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ቀን የአከርካሪ ፕላስቲክ ሞዴል ይዞ ሲያስረዳኝ ቁጥሩን መዘገብኩ፤ ማታ ደመርኩት። ጀርባችንን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎች የሚስቡት ከአከርካሪው መሃል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቀው፣ ከኋላ ነው። እጄን ዘርግቼ ያነሳሁት ዕቃ ደግሞ ከፊት ለፊት 50 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። የሚዛን ነገር ነው፤ አንደኛው ክንድ 10 እጥፍ ከረዘመ፣ በአጭሩ በኩል ያለው 10 እጥፍ መሳብ አለበት። 20 ኪሎ ፍግ እጄን ዘርግቼ ሳነሳ ጡንቻዬ የሚከፍለው 200 ኪሎ ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ! ያውም የራሴ ደረትና ራስ ሳይመዘን። ያንኑ ፍግ ሆዴ ላይ ለጥፌ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ብይዘው ኖሮ ክፍያው ወደ 80 ይወርድ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ፍጉን ከልብሴ አርቄ የያዝኩት ለምን ነበር? ሸሚዜ እንዳይቆሽሽ። በዓለም ላይ ከዚያ ሸሚዝ የበለጠ ውድ ልብስ የለበሰ ሰው ካለ ይንገረኝ።

አሜሪካኖቹ የሥራ ደኅንነት ነገር የሚያጠና ተቋም አላቸው፤ ሁሉ ነገር የተመቸ ሲሆን፣ ማለት ዕቃው ለሰውነት ሲቀርብ፣ ወገብ ሳይጠመዘዝ፣ አልፎ አልፎ ሲነሣ፣ ከ23 ኪሎ አይለፍ ይላል። እኛ ቤት ውሃ የምናጠጣበት ቢጫ ጀሪካን 25 ሊትር ይይዛል። ሞልቼ፣ በአንድ እጄ፣ ወደ አንድ ጎን ተንጋድጄ ነበር የምሸከመው፤ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ መመላለስ የሰነፍ ሥራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሁለት ጀሪካን ነው ያለኝ፣ ሁለቱም ግማሽ ናቸው፣ ግራና ቀኝ።

ይህን እየጻፍኩ እያለ ትንሽ አፈርኩ። ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨት አዝለው የሚወርዱ እናቶችን ያላየ አዲስ አበቤ የለም፤ ሸክሙ አንዳንዴ ከተሸካሚዋ ይገዝፋል። ለእነሱ 23 ኪሎ የሚባል መስመር ያሰመረላቸው የለም፣ ቅዳሜም እሑድም የላቸውም። የኔ ወገብ የተያዘው በጨዋታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ወገቡን የሚያመው ሰው 619 ሚሊዮን ደርሷል ሲል፣ እነሱንና እኔን በአንድ መዝገብ ነው የደመረን። ልክ አይመስለኝም።

የካልሲው ነገርስ? እሱም ምክንያት አለው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ቀን ቀን ክብደታችን ሲጫናቸው ውሃቸው ይመጠጣል፤ ሌሊት ስንተኛ እንደተዘፈዘፈ ሽምብራ ይጠጡና ያብጣሉ። ጠዋት ስንነሳ ከማታው ቁመታችን 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል እንረዝማለን፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከተነሳን በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ይመለሳል። ጠዋት ያበጠ ዲስክ ላይ ጎንበስ ሲሉ ጫናው ከቀኑ ይበልጣል። ከአልጋ እንደተነሱ ያለውን ጊዜ ሳይጎነበሱ ያሳለፉ ሰዎች ሕመማቸው እንደቀነሰ የተጠና ነገር ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዶማ ያደቀቀውን ወገብ፣ ባበጠበት ሰዓት፣ ለካልሲ አጎነበስኩት። አሁን ካልሲዬን የማጠልቀው በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን ወደ ደረቴ ስቤ ነው። ሚስቴ «ዳይፐርህን ልቀይርልህ?» ትለኛለች። ጓሮ የምወርደውም ቁርስ በልቼ፣ ትንሽ ተራምጄ ነው።

ከዚያ የመሣሪያው ጣጣ መጣ። መኮትኮቻዬ እጀታዋ ክንድ የምታህል ናት፤ እሷን ይዞ ቀና ማለት አይቻልም። የቤታችን መጥረጊያም እንደዚያው። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ለሚያድሩ ካህናት መቋሚያን ያህል ብልህ ነገር የፈጠረ ሕዝብ፣ ጎንበስ ብላ ለምትጠርግ ሴት አንድ ሜትር እንጨት መጨመር እንዴት አቃተው? መልሱን ሳስበው የሚጠርጉት መቋሚያ ከያዙት ጋር ስላልተማከሩ ይመስለኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሜክሲኮና ከፊሊፒንስ የመጡ የእርሻ ሠራተኞች ሰላጣና ስኳር ሥር የሚኮተኩቱባት እንዲህ ያለች አጭር ዶማ ነበረች፤ በስፓኒሽ «ኤል ኮርቲቶ»፣ «አጭሯ» ይሏታል። አሠሪዎቹ ይወዷታል፤ ቀና ያለ ሰው ሁሉ እያረፈ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። የሠራተኞቹ መሪ ሴዛር ቻቬዝ ራሱ በእሷ ሠርቶ ወገቡን ሲያመው የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለጤና አደገኛ ናት ብለው ለከሰሱት ሠራተኞች ፈረደ፣ አጭሯም ቀረች።

ይህን ባነበብኩ ማግስት መርካቶ ሄጄ ረጅም እጀታ ጠየቅኩ። እስከ አገጬ የሚደርስ ስመርጥ ሻጩ «ምን ልትቆፍርበት ነው ጋሼ፣ ሰማይ?» አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

እጀታው ጥሩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። የካሊፎርኒያዎቹ ቀና እንዳይሉ የሚከለክል አለቃ ቆሞባቸው ነበር። በእኔ ላይ ማን ቆሞብኝ ነበር? ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ጨለማ ማን «ቀና እንዳትል» አለኝ?

አንድ ቀን ጋሼን በአጥሩ ላይ አገኘኋቸውና የበሬውን ነገር አነሳሁባቸው።

«አልሳቅክብኝም?» አሉኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።»

ስኒያቸውን አጥሩ ላይ አስቀምጠው አጫወቱኝ። ገበሬ ማለዳ በቀዝቃዛው ይጠምዳል፣ ፀሐይ ስትከር ይፈታል። በሬ ደከመኝ አይልም፤ እያየ የሚፈታው ባለቤቱ ነው፤ ሳይፈታ የዋለ በሬ ነገ አይነሳለትም። አዲስ የተገራ ወይፈን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ትልም ብቻ ይታረስበታል፤ ቀን በቀን እየጨመሩለት ነው የሚለምደው። በዚያ ላይ ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ በዓለ እግዚአብሔር አለ፣ ሰንበቶቹ አሉ። «እናንተ የተማራችሁት በዓል በዛ፣ ሥራ አስፈታ ትላላችሁ። ለማን ወገብ የተሠራ መሰለህ?» ቀጠሉ፦ «አንተ ግን ልጄ፣ ጠማጁም አንተ፣ በሬውም አንተ። ማን ይፍታህ?»

የፊዚዮቴራፒው ልጅ ብዙ ነገር ነግሮኝ ነበር፤ በጀርባ ተኝቶ ወገብን እንደ ድልድይ ማንሳት፣ በአራት እግር ሆኖ ተቃራኒ እጅና እግር መዘርጋት፣ ስቆፍር ወገቤን ሳይሆን እግሬን ማዞር፣ ስኮተኩት አንድ ጉልበቴን የታጠፈ ማዳበሪያ ላይ ማሳረፍ፣ በየሃያ ደቂቃው ሥራ መቀየር። ሁሉም ጠቅሞኛል። ከሁሉም የከበደኝ ግን ወይፈኑ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቀምጦ የዋለ ወገብ ቅዳሜ እንደ በሬ ይጠመዳል። ስቅለት ዕለትም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንዴ ሳይሰግድ የከረመው ሰውዬ በአንድ ቀን ሦስት መቶ ስግደት ይወርድና ፋሲካን ዶሮው ፊት ወገቡን ይዞ ያሳልፋል። ቀሳውስቱን ምንም አይላቸውም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚሰግዱ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ ሩብ ሰዓት ጓሮ እወርዳለሁ። ቅዳሜም ከስድስት ሰዓት አያልፍም።

አያልፍም ያልኩት በወረቀት ላይ ነው። ስልኬ ሲጮህ አጠፋዋለሁ፤ ሚስቴ ስትጠራኝ «መጣሁ» እላለሁ። ይህን ያዩት ጋሼ ሥራውን ለልጄ ሰጧት። ቅዳሜ ቅዳሜ የግድግዳው ሰዓት ሁለቱ እጆች ላይኛው ቁጥር ላይ ሲገናኙ ምን እንደምትል አስጠኗት።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው መደብ ጥግ ላይ አንዲት የሠርዶ ሥር ይዛኝ እየጎተትኩ ሳለ በኋላው በር ላይ ወጥታ ቆመች። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋለች።

«አባዬ፣ ተፈታሃል!»

«ይህችን ሥር ብቻ፣ የኔ እናት።»

«ጋሼ! አልፈታም አለ!» ብላ ወደ አጥሩ ጮኸች። ከማዶ ሳል ተሰማ፣ የወንበር መጎተት ተሰማ። ዶማውን ጣልኩ። በአንድ ጉልበቴ፣ ከዚያ በሌላው፣ ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ምንም «ቋ» ያለ ነገር የለም።

ልጄ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አሁን ፈረስ መሆን ትችላለህ?» አለችኝ።